«በእኛ ነው በፈረንጅ?»

በአንድ ቅጽ ላይ የልደት ቀን 05/08/1985 ተብሎ ተሞልቷል እንበል። አዲስ አበባ ያለ የወረዳ ሠራተኛ ሚያዝያ 5 ቀን 1985 ዓ.ም. ብሎ ያነበዋል። ለንደን ያለ ሰው ኦገስት 5 ይለዋል። አሜሪካ ያለው ደግሞ በአገሩ ልማድ ወሩን ስለሚያስቀድም ሜይ 8 ነው የሚለው። ሁሉም በለመደው መንገድ በትክክል አንብቧል። ቅጹን የሞላው ሰው ኢትዮጵያዊ ከሆነና በእኛ አቆጣጠር ከሞላው ግን የተወለደው እ.ኤ.አ. አፕሪል 13 ቀን 1993 ነው፤ ሁለቱ የውጭ አንባቢዎች ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ ጨምረውበታል። ይህ በአዋቂ ላይ ሲደርስ ያስቸግራል፤ በልጅ ላይ ሲደርስ ይጎዳል። በ2008 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በ2018 ዓ.ም. የ10 ዓመት ልጅ ነው። ያው ቁጥር በፈረንጅ ከተነበበ ልጁ በወረቀት 18 ሞልቶት አዋቂ ሊሆን ይችላል፤ ከወላጆቹ ጋር በቤተሰብ ወደ ውጭ አገር ሊሄድ የሚገባው ልጅ ዕድሜው አልፏል ሊባል ይችላል። ብዙዎች ለዚህ ሁሉ ጣጣ ጥፋተኛው የራሳችን የዘመን አቆጣጠር መኖሩ ነው ይላሉ። እኔ ግን ጥፋቱን የማየው ቁጥርን ያለ መለያው መጻፋችን ላይ ነው።

ልዩነቱ አንዴ ተሸምድዶ የሚያልቅ ቢሆን ባልከፋ። ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆች አዲስ ዓመት በሁለቱ ዘመናት መካከል ያለው ርቀት ሰባት ዓመት ነው፤ ጃንዋሪ ከገባ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ስምንት ይሆናል። መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን ስድስት ቀን የምትሆንበት ዘመነ ሉቃስ አልፎ ዘመነ ዮሐንስ ሲገባ ግን ሴፕቴምበር 12 ይሆናል። በዚያ ዓመት ገና ታኅሣሥ 29 መሆኑ ቀርቶ በ28 የሚከበረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ወሮቹ እንዲህ እየተንሸራተቱ ሳለ ሴፕቴምበርን በቀጥታ መስከረም፣ ጃንዋሪን ጥር እያሉ መጻፍ ተለምዷል። በኒውዮርክ መንትያ ሕንፃዎች ላይ የደረሰው ጥቃት በአማርኛ «የመስከረም 11 ጥቃት» ሲባል የሚሰማው ከዚህ የተነሣ ነው። ጥቃቱ የደረሰው በእኛ መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዕለት ነው። ወሩን ከእኛ፣ ቀኑን ከእነሱ ወስዶ የተሠራው ቀን በየትኛውም ቀን መቁጠሪያ የጥቃቱ ቀን አይደለም። በመድኃኒት ላይ ደግሞ ነገሩ ከአጻጻፍ ጉድለት ያልፋል። ከውጭ የመጣ መድኃኒት ማሸጊያ ላይ 05/27 ተብሎ የታተመውን የማብቂያ ጊዜ፣ በ2018 ዓ.ም. የሚያነብ ሰው «ገና ዘጠኝ ዓመት አለው» ብሎ ቤቱ ሊያስቀምጠው ይችላል።

ሰዓቱም የራሱ ወጥመድ አለው። የስድስት ሰዓቱን ልዩነት መደመርና መቀነስ ለማንም አይከብድም። የሚያሳስተው የቀኑ መለወጫ ነው። በፈረንጁ ቀን የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፤ በእኛ አነጋገር ግን ሌሊቱ እስኪነጋ ድረስ ካለፈው ቀን ጋር ይቆጠራል። የአውሮፕላን ቲኬት ላይ «ጃንዋሪ 12 ቀን 2026፣ 00:45» ተብሎ ቢጻፍ፣ ቀኑ ጥር 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ሰኞ ነው። ተጓዡ ሰኞን ቤተሰቡን ሲሰናበት ውሎ ማታ ሻንጣውን ይዞ ቦሌ ቢደርስ አውሮፕላኑ ከሄደ ቀን ሊሞላው ነው። መሆን የነበረበት እሑድ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ45 ገደማ እዚያ መገኘት ነው፤ በረራው እሑድ ለሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ45 ነበርና። «እሑድ ለሰኞ አጥቢያ» የሚለው የአባቶች አነጋገር ይህን ግራ መጋባት በሦስት ቃል ይዘጋዋል። «ከጠዋቱ»፣ «ከቀኑ»፣ «ከምሽቱ»፣ «ከሌሊቱ» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው፤ መለያውን ቋንቋችን ድሮም አዘጋጅቶልናል። በስልክ መልእክት «በ3 እደውላለሁ» ብለን ስንጽፍ ነው የምንጥለው። መልእክቱ የመጣው ከዋሽንግተን ከሆነ፣ የማን 3 እንደሆነ ማንም በእርግጠኝነት አያውቅም።

መለያውን የጣለ ቁጥር የት ድረስ እንደሚያደርስ ካናዳውያን አይተውታል። ሐምሌ 16 ቀን 1975 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 23 ቀን 1983) የኤር ካናዳ ቦይንግ 767 ከሞንትሪያል በኦታዋ በኩል ወደ ኤድመንተን ለመብረር 22,300 ኪሎ ግራም ነዳጅ ያስፈልገው ነበር። አገሪቱ ያን ጊዜ ከፓውንድ ወደ ኪሎ እየተሻገረች ነበር፤ አውሮፕላኑም በኪሎ ከሚሠሩት አዲሶች አንዱ ነው። የነዳጅ መለኪያው ስላልሠራ በጋኑ ያለው በሊትር ተለካና ወደ ክብደት ለመለወጥ በ1.77 ተባዛ። 1.77 በራሱ ትክክለኛ ቁጥር ነው፤ የአንድ ሊትር ነዳጅ ክብደት በፓውንድ ነው። በኪሎ 0.8 ገደማ መሆን ነበረበት። ከቁጥሩ አጠገብ «ፓውንድ» የሚል አልተነበበም፤ ውጤቱ ኪሎ ነው ተብሎ ተወሰደ። አውሮፕላኑ ከሚያስፈልገው ግማሽ ያልሞላ ነዳጅ ይዞ ተነሣ፤ በ41,000 ጫማ ከፍታ ላይ ሳለ ነዳጁ አለቀ፤ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ። አብራሪው እያንሳፈፈ ጊምሊ በተባለ የቀድሞ የጦር አየር ማረፊያ አሳረፈውና የተሳፈሩት 69 ሰዎች ሁሉ ተረፉ። ወደ እኛ ቡናም ብንመጣ፣ ኒውዮርክ ላይ ዋጋው የሚነገረው በአሜሪካ ሳንቲም በፓውንድ ነው፤ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ ግን በብር በፈረሱላ። ፈረሱላ 17 ኪሎ፣ ማለትም 37 ፓውንድ ተኩል ያህል ነው። «300 ገባ» የሚል ወሬ የሰማ ገበሬ፣ 300 ሳንቲም ለአንድ ፓውንድ መሆኑ ካልተነገረው፣ በፈረሱላ 112 ዶላር እንደሚደርስ ከየት ያውቃል?

እንግዲህ አቆጣጠራችንን ትተን ለምን አንገላገልም የሚል ሰው አይጠፋም። ሁለት ዓይነት መያዝ ድካምና ወጪ እንዳለው አልክድም፤ በአየር በረራ፣ በወጪ ንግድና በመድኃኒት ዓለም የተስማማበትን መያዝም ግድ ነው። ነገር ግን አሜሪካና እንግሊዝ አንድ የዘመን አቆጣጠር ይዘው 05/08ን በሁለት ወር ያነቡታል። የካናዳው አደጋም የደረሰው አንድ ለመሆን በተደረገው ሽግግር መሐል ነው። የእኛ አቆጣጠር ደግሞ ጾሙና በዓሉ፣ ክረምቱና አዝመራው፣ ሐምሌ 1 የሚጀምረው የመንግሥት በጀት ዓመትም ሳይቀር የተያያዘበት ነው። ታይላንድ እ.ኤ.አ. 2026ን በመንግሥት ወረቀቶቿ 2569 ብላ እየጻፈች ከዓለም ጋር ትነግዳለች።

«ሰው እኮ ከአነጋገሩ ይግባባል» የሚለው ክርክር ከዚህ ይበልጥ ይከብዳል፤ እውነትነት አለውና። ገበያ ላይ ቁና ከአገር አገር ቢለያይም ሻጭና ገዢ አይጣሉም፤ ቁናው ፊታቸው ተቀምጧል። ጥማድም አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው ስለሆነ ከአፈር አፈር ቢለያይም መሬቱን የሚያውቁ ጎረቤታሞች ይስማሙበታል። ወረቀት ግን ጸሐፊው ወደሌለበት ይሄዳል፤ የሚያነበው እንግዳ ሰው ወይም ኮምፒውተር ነው፤ ማንን ይጠይቃል? በየስልኩ ያለው የቀን መለወጫ መተግበሪያም ቢሆን የሚያገለግለው የሰጠነው ቁጥር የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ስናውቅ ነው።

መጽሔቶቻችንና መጻሕፍታችን ዓ.ም. እና እ.ኤ.አ. እያሉ መለየት ከጀመሩ ቆይተዋል። ይህ ልማድ ወደ ደረሰኙ፣ ወደ ቀጠሮ ካርዱና ወደ ስልክ መልእክቱ ይውረድ። አንባቢ ሆይ፣ ወሩን በቁጥር ሳይሆን በስሙ ጻፍ፤ መስከረም የሚለውን ስም ለእኛው መስከረም፣ ሴፕቴምበርን ለእነሱ ተው። ቅጽ የምታዘጋጁ መሥሪያ ቤቶች፣ ክሊኒኮችና ትምህርት ቤቶች ደግሞ ከቀኑ ሳጥን በላይ የትኛውን አቆጣጠር እንደምትፈልጉ፣ ከሦስቱ ሳጥኖች በታችም «ቀን»፣ «ወር»፣ «ዓመት» ብላችሁ አትሙበት።