ሆድ ውሃ ሲቋጥር

የሰው ሆድ ውሃ ሲቋጥር ጨጓራን ወይም አንጀትን እንወቅሳለን፤ ብዙውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የጉበት ነው። ጉበት በቆየ ሕመም ጠባሳ ይዞ ሲደነድን፣ ከአንጀት የሚመጣው ደም መንገዱ ይጠብበታል፤ ኩላሊትም ጨውና ውሃ ይዞ ያስቀራል፤ የሰረገው ፈሳሽ በሆድ ይጠራቀማል።

ከምክንያቶቹ ዋነኞቹ ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ፣ እንዲሁም አልኮል ናቸው፤ ቢልሃርዝያም አለበት። (እኛ ግን ዓይን ቢጫ በሆነ ቁጥር የሌሊት ወፍን እንከሳለን!) የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለድን ደማችንን ብናስመረምር ይበጀናል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው በትግራይ፣ በታሕታይ ቆራሮ ወረዳ የደረሰው ነው። ከ1993 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ የመንደሩ ሰዎች ሆዳቸው እየተነፋ ይሞቱ ጀመር። መርማሪዎች ብዙ ከደከሙ በኋላ ያገኙት ከእህል ጋር የተቀላቀለ የመርዛማ አረም ዘር ነው። በሾላ ገበያ እህል በሰፌድ የሚያበጥሩ ሴቶች እንግዲህ ጠጠር ብቻ አይደለም የሚለቅሙልን።

ሐኪሙ በመጀመሪያ ጥቂት ፈሳሽ ቀድቶ ይመረምራል፤ የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስም ሆድን ውሃ ያስቋጥራልና። ጉበት ከሆነ አልኮል ጨርሶ ይቀራል፤ ጨው በቀን ከ5 ግራም ገደማ አያልፍም። ከሾላ ሽሮና በርበሬ የሚገዛ ሰው ጨው ገብቶበት እንደሆነ ይጠይቅ። ሽንት የሚያሸና መድኃኒት፣ በተለይ ስፓይሮኖላክቶን፣ ይታዘዛል። ሆዱ እጅግ ሲወጠር ፈሳሹ በመርፌ ይቀዳል፤ ከ5 ሊትር ሲበልጥ አልቡሚን በደም ሥር ይሰጣል። ትኩሳትና የሆድ ቁርጠት ከተጨመረበት ግን ፈሳሹ ተመርዞ ይሆናልና፣ በሽተኛው በዚያው ዕለት ሐኪም ቤት ይድረስ።