ከደቡብ አፍሪቃ ስለሚጠበቀው ገንዘብና ስለሚጐድለው ተስፋ

ወደ ሆሳዕና ከተማ የገባ እንግዳ ከሁሉ አስቀድሞ ዓይኑ የሚያርፈው በአዲሶቹ ፎቅ ቤቶች ላይ ነው። ከነዚሁም ብዙዎቹ ከደቡብ አፍሪቃ በተላከ ገንዘብ የተሠሩ ናቸው። በሐዲያና በከምባታ ሕዝቡ ብዙ፥ የእንሰቱም ማሳ ጠባብ ስለ ሆነ፥ ከ1990ዎቹ ዓመታት ወዲህ እጅግ ብዙ ወጣቶች ወደዚያ ሀገር ሄደዋል። አባት በሬውን ሸጦ፥ መሬቱንም አስይዞ ለደላላ ሲከፍል፥ በልቡ የሚታየው የጎረቤቱ ፎቅ ነው።

መንገዱ ግን በኬንያ፥ በታንዛንያ፥ በማላዊና በሞዛምቢክ የሚያልፍ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ በቴቴ ክፍለ ሀገር፥ በአንድ የጭነት መኪና ላይ በተዘጋ የብረት ሣጥን ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ሞተው ሲገኙ፥ በሕይወት የተረፉት 14 ብቻ ነበሩ።

እኛ ግን ዛሬ ልንናገር ያሰብነው በደኅና ስለ ገባው ልጅ ነው። ይህ ልጅ አስቀድሞ የመንገዱን ዕዳ ይከፍላል። ቀጥሎም ብርድ ልብስና መጋረጃ ተሸክሞ፥ ሎኬሽን በሚሉት የድኾች ሰፈር ከበር ወደ በር እየዞረ በዱቤ ይሸጣል። በግንቦት 2000 ዓ.ም. በዚያ ሀገር በመጻተኞች ላይ በተነሣው ሁከት ከ60 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ከዚያም ወዲህ የሱቅ ዝርፊያው አልቀረም። ይህን ሁሉ ግን ለናቱ አይነግራትም፤ በሰው አውቶሞቢል አጠገብ ቆሞ የተነሣውን ፎቶግራፍ ይልክላታል። እኛም ብንሆን ከሩቅ ስንጽፍ «ደኅና ነኝ» ከማለት በቀር መቼ ለመድን?

ገንዘቡ ሲዘገይ እናት «ልጄ ረሳኝ» ብላ ታለቅሳለች፤ አባትም ከጎረቤቱ ፊት ያፍራል። የገንዘቡስ መቅረት በጊዜው ይቻላል። የሚያስፈራን ሌላ ነው፤ ታናሽ ወንድሙ ያንኑ ፎቶግራፍ ዕለት ዕለት እያየ ትምህርቱን ትቶ ደላላ ይፈልጋል፤ አባቱም የቀረውን በሬ ይቈጥራል።

ያሆዴ የሚባለው የሐዲያ መስቀል ሲቃረብ ስልክ ይደወላል። እናት «በልተሃል ወይ?» ትላለች። አባት ስለ ተጀመረው ቤት ክዳን ይጠይቃል። ልጁም ጥቂት ዝም ይልና፥ «ለመስቀል እልካለሁ» ይላል።