የቤት ዕድሳትና የረጅም ጊዜ ቁጠባ በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋ

መግቢያ

በጎንደር ከተማም ሆነ በዳባትና በደባርቅ ደጋ፥ አንድ ቤተሰብ ጥቂት ገንዘብ ሲተርፈው ወዲያው ሁለት ጥያቄ ይቀርብለታል። አንደኛው «ቤቱን እናድሰው ወይስ ይቆይ?» የሚል ነው፤ ሁለተኛው «ገንዘቡ ይውጣ ወይስ ለነገ ይቀመጥ?» የሚል ነው። ብዙ ሰዎች እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች እርስ በርሳቸው እንደሚጣሉ አድርገው ያያሉ። ቤቱን የሚያሳምር ገንዘብ አባካኝ፥ ገንዘቡን የሚያስቀምጥ ደግሞ አስተዋይ ይባላል።

እኛ ግን ነገሩን ቀረብ ብለን ስንመለከተው ይህ አነጋገር እውነቱን በሙሉ የሚገልጽ ሆኖ አላገኘነውም። ከዕድሳት ሥራ ከፊሉ ራሱ ቁጠባ ነው፤ ከፊሉ ደግሞ ወጪ ብቻ ነው። ሁለቱን ሳይለይ የሚሠራ ቤተሰብ ቤቱንም ገንዘቡንም ሊያጣ ይችላል። በዚህ አጭር ጽሑፍ በመጀመሪያ ቤት እንዴት እንደሚያረጅ፥ ቀጥሎም ዕቁብና ባንክ ለቤት ሥራ ምን እንደሚጠቅሙ፥ በመጨረሻም የትኛው ሥራ መቅደም እንዳለበት ለማስረዳት እንሞክራለን።

የቤቱ ጠላት ውሃ ነው

በአገራችን ደጋ ብዙው ቤት የሚሠራው ከባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር፥ ከጭቃና ከጭድ ነው። ድንጋይ በሚበዛበትና እንጨት በሚያንስበት በስሜን በኩል ግድግዳው ድንጋይ ሆኖ በጭቃ ይያያዛል። ጣሪያው ቀድሞ ሣር ነበር፤ ዛሬ በከተማው በሙሉ፥ በገጠሩም በብዙ ቦታ ቆርቆሮ ተተክቷል።

እንዲህ ያለው ቤት ደረቅ ሆኖ እስከ ቆየ ድረስ ብዙ ዘመን ይኖራል። የሚያፈርሰው ውሃ ነው። ውሃውም የሚገባው በሁለት በኩል ነው። አንደኛው በላይ ነው፤ የቆርቆሮው ሚስማር ሲላላ ወይም ከሥሩ ያለው ጎማ ሲደርቅ ዝናቡ በቀዳዳው ይወርዳል። ሁለተኛው በታች ነው፤ ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ መሄጃ ቦይ ሲያጣ በግድግዳው ሥር ይተኛል፤ መሬት ውስጥ የተቀበረውም የቋሚው እግር ይበሰብሳል። ቋሚው ከበሰበሰ ግድግዳው ያዘነብላል፤ ግድግዳው ሲያዘነብል ወራጁ ከቦታው ይንቀሳቀሳል፤ ያን ጊዜ አዲስ ሚስማር መምታት አይበቃም፤ ቤቱን አፍርሶ መሥራት ግድ ይሆናል።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። በግንቦት ጥቂት ሚስማርና የአንድ ቀን ጉልበት የሚጠይቀው ሥራ ክረምቱ ካለፈ በኋላ የብዙ ወር ቁጠባ ይጠይቃል። «ሳይደርቅ በርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚለው የአባቶች አነጋገር ለዚህ የተገባ ነው። ስለዚህ ጣሪያን መጠገን፥ ቦይ መቆፈርና መሠረቱን በድንጋይ ማጠናከር እንደ ወጪ ሊቆጠር አይገባውም። ያለውን ሀብት ከመጥፋት ማዳን ነውና ከቁጠባ ይመደባል።

ቆርቆሮ ሲገዛም ይኸው አስተያየት ይሠራል። ቆርቆሮ በጌጅ ይለካል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ብረቱ ይወፍራል። ባለ 35 ጌጅ ከባለ 32 የቀጠነ ስለ ሆነ ዋጋው ይቀንሳል፤ ነገር ግን ነፋስ በሚበረታበት ደጋ ቀጭኑ ቆርቆሮ ቶሎ ይታጠፋል፥ በሚስማሩም ዙሪያ ይቀደዳል። ርካሹን የገዛ ሰው ቆጠብሁ ቢልም ዕዳውን ለሚመጡት ዓመታት አስተላለፈ እንጂ አልቆጠበም።

ለበዓልና ለእንግዳ የሚሆን ሥራ

ሁለተኛው ዓይነት ሥራ ቤትን ማስጌጥና ማጽዳት ነው። ጎንደር በተለይ ጥር 11 ቀን ለሚውለው ለጥምቀት በዓል ከሩቅም ከቅርብም እንግዳ የምትቀበል ከተማ ናት። በዓሉ ሲቃረብ ግድግዳ ይለሰናል፤ ቀለም ይቀባል፤ መጋረጃ ይለወጣል፤ አቅም ያለውም አዲስ ሶፋ ይገዛል። ጥር የሠርግም ወር ስለ ሆነ ወጪው በአንድ ጊዜ ይደራረባል።

ይህን ልማድ ከንቱ ነው ብለን ለመንቀፍ አንፈልግም። ማኅበር የሚጠጣበት፥ ዘመድ የሚያርፍበት ቤት ለቤተሰቡ ሌላ ዓይነት ሀብት ያመጣለታል። አንድ ሰው ዕቁብ ሲገባ ወይም ሲበደር ዋስ ይጠየቃል፤ ዋስ የሚሆነውም ብዙ ጊዜ በቤቱ ገብቶ የወጣ፥ አኗኗሩን ያየ ሰው ነው። ስለዚህ የእንግዳ ክፍል በንጽሕና መያዙ የቤተሰቡን ታማኝነት ከሚያስረዱት ነገሮች አንዱ ነው።

ይሁን እንጂ ሁለት ነገር መለየት ያስፈልጋል። ንጽሕና በአብዛኛው ጉልበት እንጂ ገንዘብ አይጠይቅም። ጓዳውን ማራገፍ፥ የማይጠቅመውን ዕቃ መለየት፥ የእህሉን ማስቀመጫ ከእርጥብ ግድግዳ ማራቅ ወጪ ሳይኖረው ብዙ ጥፋት ይከለክላል። ብዙ ጊዜም ዕቃው ሲነሣ ከበስተኋላው የበሰበሰው ግድግዳ ይታያል፤ ቤቱን ያጸዳ ሰው ሳያስበው ቤቱን መረመረ ማለት ነው። ጌጡ ግን ገንዘብ ይጠይቃል፤ ሊዘገይም ይችላል።

ሌላው ጊዜን መጠበቅ ነው። የጭቃ ምርጊት ከጭድ ጋር ተቦክቶ መሰንበት፥ ከተመረገም በኋላ ደርቆ መሰንጠቅ፥ ከዚያም ስንጥቁ ተደፍኖ ልስኑ መከተል ይገባዋል። ለበዓሉ ቀን ይድረስ ተብሎ እርጥቡ ላይ የተለሰነ ግድግዳ ከበዓሉ በኋላ ይላጣል። እንዲህ ያለው ቤተሰብ ለአንድ ግድግዳ ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

ዕቁብ፥ ባንክና የገንዘብ ዋጋ መውደቅ

ለቤት የሚሆን ገንዘብ በአገራችን የሚጠራቀምበት የታወቀው መንገድ ዕቁብ ነው። 20 ሰዎች በየወሩ 1,000 ብር ቢጥሉ በየወሩ አንዱ 20,000 ብር ይወስዳል። መጀመሪያ ዕጣ የወጣለት ሰው ወለድ የሌለበት ብድር አገኘ ማለት ነው፤ በመጨረሻ የሚወስደው ደግሞ ያለ ወለድ ሲያበድር ቆየ ማለት ነው። ዋጋ በማይለወጥበት ዘመን ይህ ልዩነት ትንሽ ነው። የዕቃ ዋጋ በሚጨምርበት ዘመን ግን የመጀመሪያው 20,000 ብርና የ20ኛው ወር 20,000 ብር የሚገዙት ቆርቆሮ እኩል አይሆንም።

ከእንግሊዝ አገር ታሪክ ለዚህ ቅርብ የሆነ ምሳሌ እናገኛለን። በ1775 እ.ኤ.አ. ገደማ በበርሚንግሃም ከተማ ሰዎች በየወሩ ገንዘብ እያዋጡ በተራ ቤት የሚሠሩበት ማኅበር አቋቋሙ። እንዲህ ያሉት ማኅበሮች ማን አስቀድሞ እንደሚሠራ ብዙ ጊዜ በዕጣ ይወስኑ ነበር፤ ሁሉም ባለቤት ሲሆን ማኅበሩ ይፈርሳል። ኋላ ግን ዘላቂ ማኅበሮች ሆኑ፤ ከእነርሱም የዛሬዎቹ የቤት አበዳሪ ድርጅቶች ተወለዱ። ዕቁብ እንግዲህ ወደ ኋላ የቀረ ልማድ ተብሎ የሚናቅ አይደለም፤ የቤት ብድር ራሱ የተነሣው ከእንዲህ ያለ ሥራ ነውና።

ገንዘብን በባንክ ማስቀመጥስ? ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አደረገ። በ2022 እ.ኤ.አ. ግን የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በእንዲህ ያለ ዓመት 100 ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ መጨረሻ 107 ብር ያገኛል፤ በመጀመሪያ በ100 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ ግን 130 ብር ገብቷል። ስለዚህ ገንዘቡ የመግዛት ኃይሉ ወደ 82 ብር ያህል ወርዷል ማለት ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላም አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ።

ሰዎች ገንዘብ ባገኙ ቁጥር ቆርቆሮና ሚስማር፥ ሲሚንቶና ብረት እየገዙ በጓሮ የሚያከማቹት ስለዚህ ነው። የተከማቸ ቆርቆሮ የቁጠባ ደብተር ያህል ነው። ሲሚንቶ ግን እርጥበት ስለሚያደድረው እንደ ቆርቆሮ አይቆይም፤ ለሥራው ቀን ሲቀርብ ብቻ መገዛት አለበት።

የቤት ብድርና ሕጉ

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፥ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥም ደንግጓል። በመሬቱ ላይ የተሠራው ቤትና የተደረገው ማሻሻያ ግን የሠሪው ንብረት ነው። ለከተማ መሬት በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ለመኖሪያ ቤት የ99 ዓመት ዘመን ወሰነ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ ባለይዞታው የመጠቀም መብቱን ለብድር መያዣ እንዲያደርግ ፈቀደ።

ይህ ለኛ ጉዳይ ትልቅ ትርጉም አለው። በከተማ አንድ ሰው ቤቱን አስይዞ ሲበደር የሚገመተው በዋናው የቆመው ቤት ነው። መሠረቱ የታነጸ፥ ጣሪያው የደረቀ ቤት ግምቱ ከፍ ይላል፤ አዲስ ቀለምና መጋረጃ ግን ለግምቱ የሚጨምሩት እምብዛም ነው።

ለቤት የሚያበድር ባንክ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1968 ዓ.ም. የቤትና ቁጠባ ባንክ ተቋቋመ፤ ኋላ የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ተብሎ በ2008 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ተዋሐደ። በ2021 እ.ኤ.አ. ለቤት ብድር ተብሎ የተቋቋመው ጎሕ ቤቶች ባንክ ሥራ ጀመረ። በክልላችን የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በ2022 እ.ኤ.አ. ፀደይ ባንክ ሆነ። ይሁን እንጂ የረጅም ጊዜ ብድር የማይቋረጥ ገቢ ላለው ሰው እንጂ ገቢው በመከር ወቅት ብቻ ለሚመጣ ገበሬ የሚመች አይደለም። ለገበሬው እስከ ዛሬ ደቦና ወንፈል ከብድር ይልቅ ይረዱታል፤ የሠራተኛውን ደመወዝ በምግብና በመጠጥ፥ በተራውም በራሱ ጉልበት ይከፍላልና።

ሁሉን በአንድ ጣሪያ ሥር ስለ ማድረግ

እስካሁን የተናገርነውን የሰማ ሰው «እንግዲያውስ ያለንን ሁሉ ቤት ላይ እናውለው» ሊል ይችላል። ነገር ግን የቅርቡ ታሪካችን ይህን አይመክርም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገ ጊዜ፥ ቁጠባቸውን በሚከራይ ቤት ያኖሩ ሰዎች በአንድ ቀን አጡት፤ የቀረላቸው የሚኖሩበት ቤት ነበር። በ2013 ዓ.ም. ማለቂያም ጦርነት ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ አካባቢ በደረሰ ጊዜ ብዙ ሰው ቤቱን ትቶ ተሰደደ። ከብት ይነዳል፤ ገንዘብም በደብተር ላይ ይቆያል፤ ቤት ግን አይሸከሙትም።

ስለዚህ በባንክ ያለው ገንዘብ ዋጋው ቢቀንስም ሥራ አለው። ለበሽታ፥ ለስደት፥ ሥራ ለማጣት መጠባበቂያ ነው። ይህን መጠባበቂያ ለሶፋ ወይም ለኮርኒስ ማውጣት «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንደ ተባለው ይሆናል።

ማጠቃለያ

ለምሳሌ ያህል በማራኪ የሚኖር፥ የጭቃ ቤት ያለው አንድ ደመወዝተኛ በወር 3,000 ብር ይተርፈዋል እንበል። ጣሪያው ያፈሳል፤ በጓሮው ለኪራይ የሚሆን ሰርቪስ ሊሠራ ያስባል፤ ቤተሰቡም ለጥምቀት ሳሎኑ እንዲታደስ ይፈልጋል። እኛ የምንመክረው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው።

አንደኛ፥ ከክረምቱ በፊት ጣሪያው ይጠገን፤ ቦዩም ይቆፈር። ይህ ከዕቁብም ከባንክም ይቀድማል። ሁለተኛ፥ የጥቂት ወር የቤት ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ በባንክ ይቀመጥ፤ ለጌጥም አይነካ። ሦስተኛ፥ ከዚህ የተረፈው ለዕቁብ ይዋል፤ ዕጣው ሲወጣ ወዲያው ወደማይበላሽ የቤት ዕቃ ይለወጥ። አራተኛ፥ መበደር ቢያስፈልግ ብድሩ ኪራይ ለሚያመጣው ክፍል ይሁን፤ ኪራዩም ከሚከፈለው ዕዳ ጋር ተመዛዝኖ አስቀድሞ ይታሰብ፤ ክፍሉ ያለ ተከራይ የሚቆይበት ወር እንደሚኖርም አይረሳ። አምስተኛ፥ ጌጡ በመጨረሻ ይምጣ፤ እስከዚያው ግን ጽዳቱ አይቋረጥ።

በዚህ ቅደም ተከተል የቤቱ እመቤት ድምፅ ሊሰማ እንደሚገባ ሳንጠቅስ አናልፍም። ጣሪያው የት እንደሚያፈስ፥ የትኛው ግድግዳ እርጥበት እንደሚስብ አስቀድማ የምታውቀው ብዙ ጊዜ እርስዋ ናት፤ የገንዘቡ ነገር ሲመከር ግን ብዙ ጊዜ በስተመጨረሻ ትጠየቃለች። ይህ ሲስተካከል የብዙ ቤት ዕድሳት በጊዜው ይደርሳል።

በአጭሩ፥ ቤትን ማደስና ለነገ መቆጠብ የሚጣሉ ነገሮች አይደሉም። ደረቅ ቤት የመጀመሪያው ቁጠባ ነው፤ ያማረ ቤት ደግሞ የመጨረሻው ወጪ መሆን አለበት። በሁለቱ መካከል ያለውን እያንዳንዱ ቤተሰብ እንደ ገቢው እንዲያመዛዝነው ይህ ጽሑፍ ጥቂት እንደሚረዳ ተስፋ እናደርጋለን።