«ሌይት» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ቅጽል

በራዲዮ የተናገርሁት ይህ ጉዳይ በእንግሊዝኛ ከሚጻፉ ደብዳቤዎች ጋር ዘወትር ለምትገናኙ የመንግሥት ሠራተኞች ይጠቅም ይሆናል በማለት በጽሑፍ ቀርቧል። ቃሉ «ሌይት» ነው። ድምፁ ከእኛው «ሌት» ጋር ቢቀራረብም ዝምድና የላቸውም። አጭርና ተራ ቃል ስለ ሆነ ተማሪ ሁሉ ገና በመጀመሪያው ዓመት ያገኘዋል፤ መምህሩም «የዘገየ» ብሎ ይተረጉምለታል። ትርጓሜው ስሕተት የለበትም፤ ጎዶሎ ነው እንጂ።

የቃሉ ሥር በጥንታዊው እንግሊዝኛ ዝግ ያለ፣ የማይፈጥን ማለት ነበረ። ኋላ ግን ጊዜው ያለፈበት ወደ ማለት ዞረ። እኛ በአማርኛ ይህንኑ ነገር በብዙ ግሦች ከፋፍለን እንናገረዋለን። ጧት ከሥራው ሰዓት በኋላ የገባ አረፈደ፤ ማታ በውጭ የቆየ አመሸ፤ የደብዳቤው መልስ ዘገየ እንላለን። እንግሊዛዊው ለሁሉም አንድ «ሌይት» ይበቃዋል። «ሌይት ሞርኒንግ» ሲልም የእኛን ረፋድ መናገሩ ነው፤ በዚህስ አማርኛችን ይበልጣል ብል የሚቆጣኝ አይኖርም።

እስከዚህ ድረስ ጉዳት የለም። ጉዳቱ የሚመጣው ቃሉ ከሰው ስም ወይም ከማዕርጉ በፊት ሲቆም ነው። «ዘ ሌይት ዲሬክተር» የተባለ እንደ ሆነ ሰውየው ከሥራ ሰዓት የዘገየ ሳይሆን ከዚህ ዓለም የተለየ ነው። በቋንቋችን «ያረፈ» እና «ያረፈደ» በሚሉት መካከል ያለችው ልዩነት አንዲት ፊደል ናት፤ በእንግሊዝኛ ግን እርስዋም የለችም።

እኔም በዚህ ቃል ተሰናክያለሁ። ገና ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወጥቼ በአንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ስሠራ፣ አንዲት ባልቴት ከባሕር ማዶ የመጣላቸውን ደብዳቤ አስነበቡኝ። ደብዳቤው «ዩር ሌይት ብራዘር» ስለሚላቸው ሰው ዕቃ በመርከብ መላክ የሚናገር ነበረ። እኔም ምንም ሳልጠራጠር፣ «ወንድምዎ ጥቂት ይዘገያሉ፤ ዕቃቸውን ግን አስቀድመው ልከዋል» አልኋቸው። «ተመስገን! ዕቃው ከመጣ እሱም አይቀርም። እደግ ልጄ!» ብለው መርቀውኝ ሄዱ። መልስ እንድጽፍላቸው ወረቀቱን ትተውልኝ ነበርና፣ በሦስተኛው ቀን የክፍሉ ሹም አንሥተው ቢያነቡት ፊታቸው ተለወጠ። «ምን አድርገሃል ልጄ፤ ይህ እኮ መርዶ ነው!» አሉኝ።

መርዶ በአገራችን እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ፤ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ በማለዳ ነው እንጂ በመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ አይደለም። ሹሙ ደብዳቤውን አጥፈው ለሠፈሩ ሽማግሌዎች አደረሱ። እኒያ እናት ግን እስከዚያ ድረስ ወንድማቸው የሚያርፍበትን ክፍል ሲያስለስኑ እንደ ሰነበቱ በኋላ ሰማሁ።

እንግዲህ ምልክቱን ልንገራችሁ። ቃሉ ከግሥ በኋላ ሲመጣ፣ ማለት «ሂ ኢዝ ሌይት» ሲባል፣ መዘግየት ነው። ስለ ሰው ሲነገር ከስሙ ቀድሞ ቢቆም፣ «ዘ»፣ «ማይ» ወይም «ዩር» የሚሉትም ከፊቱ ቢኖሩ፣ በአብዛኛው ሞት ነው። ባቡር፣ ክፍያ ወይም እራት ከተከተለው አትደንግጡ። በቆዩ ጽሑፎች «ዘ ሌይት ሚኒስትር» የቀድሞው ሚኒስትር ማለት ይሆናል፤ ዛሬ ለዚህ የተለመደው «ፎርመር» ነው። በሕይወት ያለን ሹም «ሌይት» ብሎ የጻፈ ጸሐፊ ምን እንደሚገጥመው መገመት አያዳግትም።

ደግሞም ቃሉ ሞቱ ከሰው ትዝታ ላልራቀ ነው፤ በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ የወደቁትን አፄ ቴዎድሮስን «ሌይት» የሚል የለም። ሰውየው በሕይወት ሳለ ከሠራው ሥራ ጋርም አታገናኙት፤ «ዘ ሌይት ሚኒስትር» ደንቡን ፈረሙ ከተባለ ሙት ብዕር ጨበጠ ማለት ይመስላል። ወደ አማርኛ ስትመልሱት ለፍርድና ለጡረታ ጉዳይ «ሟች»፣ ለሐዘን መግለጫ «ነፍስ ኄር» ይስማማዋል።

ከነገርኋችሁ ምልክት የሚያፈነግጥ አንድ አነጋገር አለ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተመሠረተ ወዲህ፣ በአፍሪካ ኅብረት ከተተካም በኋላ፣ ከተማችን የብዙ አገሮች መልእክተኞች መሰብሰቢያ ናት። በቦትስዋናና በደቡብ አፍሪካ እንግሊዝኛ «ሂ ኢዝ ሌይት» ማለት ሞቷል ማለትም ይሆናል። የዚያ አገር እንግዳ ስለ አባቱ እንዲህ ቢላችሁ፣ «መቼ ይደርሳሉ?» ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት ፊቱን ተመልከቱ።