የአሳማ ትኩሳትና የአጥር ጥቅም

በኬንያ ከአውሮፓ የመጡ ሰፋሪዎች ያረቧቸው አሳማዎች በድንገተኛ ትኩሳት ሲያልቁ፥ ሞንትጎሜሪ የተባሉ የእንስሳት ሐኪም ነገሩን መርምረው እ.ኤ.አ. በ1921 ዓ.ም. ጽፈው አሳተሙ። በሽታው የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት ይባላል።

ቫይረሱ በከርከሮና በከርከሮ ጉድጓድ በሚገኝ መዥገር ውስጥ ይኖራል። ከርከሮውን አያሳምመውም፤ ወደ ቤት አሳማ በተሻገረ ጊዜ ግን መንጋውን በጥቂት ቀናት ይፈጀዋል። ሰውን አይዝም፤ ለአሳማው ግን ፈዋሽ መድኃኒት አልተገኘለትም።

ቫይረሱ በጨው በደረቀ ሥጋ ለወራት ሳይሞት ይቆያል፤ በበረዶ በተቀመጠውም ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ የታመመን አሳማ ፈጥኖ አርዶ መሸጥ፥ ባለቤቱን ከኪሳራ የሚያድነው ቢመስለውም፥ በሽታውን ወደ ጎረቤት መንጋ መላክ ነው። በዚህ ዓይነት መንገድ ርቆ ሊሄድ በመቻሉ እ.ኤ.አ. በ2007 ዓ.ም. ጂዮርጂያ፥ በ2018 ዓ.ም. ቻይና ደርሷል።

እንግዲህ የአርቢው መከላከያ ጥንቃቄ ነው። አሳማዎችን በጠንካራ አጥር ከከርከሮ መለየት፥ ሥጋ የነካውን የወጥ ቤት ትርፍራፊ አለማብላት፥ ወደ በረት የሚገባውን ሰው ጫማ ማጽዳት፥ አዲስ የተገዛውን አሳማ ለብቻ ማቆየት፥ ሕመም በታየ ጊዜም ሳይሸሽጉ ለእንስሳት ሐኪም ማስታወቅ ይገባል። ገበያው የሚያምነው ሥጋ የሚገኘው ከጤነኛ መንጋ ነውና።