«ተስማሚ ሥራ» ማለት ምን ማለት ነው?

ሥራ ያጣ ሰው አበል እየተቀበለ ሳለ የቀረበለትን ሥራ አልፈልግም ቢል፥ አበሉ ሊቀጥልለት ይገባልን? በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት፥ በ1935 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ ከወጣ ወዲህ የየግዛቱ መልስ አጭር ነው፤ ተስማሚ ሥራ ቀርቦለት ያለ በቂ ምክንያት የተወ ሰው አበሉ ይቋረጥበታል። ገንዘቡ በአብዛኛው አሠሪዎች ከሚከፍሉት ግብር የሚወጣ ስለ ሆነ፥ ነጋዴዎች ይህን ደንብ ቢደግፉ አያስደንቅም።

ነገር ግን ክርክሩ ሁሉ «ተስማሚ» በምትለው በአንዲት ቃል ላይ ያረፈ ነው። የፌዴራሉ ሕግ ጥቂት ወሰን አበጅቶላታል፤ በሥራ ማቆም ምክንያት የተለቀቀ ቦታ፥ ወይም ደመወዙና ሰዓቱ በአካባቢው ከተለመደው እጅግ የከፋ ሥራ አልቀበልም ያለ ሰው አበሉን አይነጠቅም። የቀረው ለመሥሪያ ቤቱ ሹም አስተያየት ተትቷል።

በደቡብ ካሮላይና፥ በስፓርታንበርግ ከተማ፥ አዴል ሸርበርት የተባሉ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። በ1957 የሰባተኛው ቀን አድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያን አባል ሆኑ። በ1959 ፋብሪካው የሥራውን ሳምንት 6 ቀን ሲያደርገው፥ ቅዳሜ አልሠራም በማለታቸው ተሰናበቱ። ሌሎች 3 ፋብሪካዎችን ቢጠይቁም ቅዳሜ የማያሠራ አላገኙም። መሥሪያ ቤቱም ተስማሚ ሥራ ያለ በቂ ምክንያት ትተዋል ብሎ አበሉን ከለከላቸው። የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ስለ ቅዳሜ ሰንበት የተቀበሉትን መከራ የሚያስታውስ አንባቢ፥ የሴትዮዋን ነገር እንደ ግትርነት አይቆጥረውም።

የመሥሪያ ቤቱ መከራከሪያ ለአስተዳዳሪ ጆሮ እንግዳ አይደለም፤ ሃይማኖትን ሰበብ የሚያደርግ ሐሰተኛ ቢበዛ ገንዘቡ ይመናመናል፥ አሠሪውም ለቅዳሜ ሠራተኛ ያጣል የሚል ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ1963፥ 7 ዳኞች ተስማምተው 2 ሲቃወሙ፥ ለሸርበርት ፈረደ። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ብሬናን፥ ለተባለው ሥጋት ማስረጃ አልቀረበም አሉ። በአስቸኳይ ጊዜ ፋብሪካ እሑድ እንዲሠራ ሲፈቀድ እንኳ፥ እሑድን በሕሊናው የሚያከብር ሠራተኛ እንዳይገደድ የዚያችው ግዛት ሕግ ይጠብቀው እንደ ነበር አመለከቱ። በፍርዱ ኅዳግም፥ በስፓርታንበርግ አካባቢ ከነበሩት 150 ያህል አድቬንቲስቶች መካከል ቅዳሜ የማያሠራ ሥራ ያጡት ሸርበርትና ሌላ አንድ ሰው ብቻ እንደ ነበሩ ተጽፏል።