ሁለት ፀሐይ ስላለው ፈለክ

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚለውን የአበውን ምሳሌ በየቤታችን ያልሰማ የለም። ይህ ምሳሌ በሰማይ ከዋክብት ምርመራ እንኳ እንዴት እንደ ተፈጸመ ለአንባብያን ልናስረዳ ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በሰሜን ሰማይ ሴፌውስ የሚባል ኅብረ ከዋክብት አለ፤ በጥንት ግሪኮች ተረት ሴፌውስ የኢትዮጵያ ንጉሥ ነበረ። ከዚህ ኅብረት አንዱን ኮከብ ሊቃውንት ጋማ ሴፌይ፥ ዐረቦች ግን አር ራዒ፥ ማለት እረኛው፥ ብለው ሰይመውታል። ያለ መነጽር በዓይን ይታያል፤ ርቀቱ ግን ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር እየሮጠ 45 ዓመት ያህል የሚፈጅበት ነው። ለዓይን አንድ ቢመስልም ሁለት ነው፤ አንድ ታናሽ ቀይ ኮከብ ከትልቁ ጋራ ተጣምሮ በ67 ዓመት ገደማ አንድ ዙር ይፈጽማል።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ የካናዳ ሊቃውንት ብሩስ ካምቤል፥ ጎርደን ዎከርና ስቲቨንሰን ያንግ በሐዋይ ደሴት፥ በማውና ኬአ ተራራ ላይ ባለው ታላቅ ቴሌስኮፕ ይህንና ሌሎችን ከዋክብት ይመረምሩ ጀመር። ፈለክ (ፕላኔት) በኮከቡ ብርሃን ተውጦ ስለማይታይ፥ የተከታተሉት የኮከቡን እንቅስቃሴ ነበረ። አባት ልጁን በሁለት እጁ ይዞ ሲያሽከረክረው የአባትም ገላ ጥቂት ጥቂት ይወዛወዛል። ከሩቅ የምናየው አባትን ብቻ ቢሆን እንኳ፥ ከመወዛወዙ የተነሣ በእጁ ልጅ እንዳለ እንገምታለን። ኮከብም ፈለክ ሲዞረው እንዲሁ ይሆናል፤ ወደ እኛ ሲቀርብ ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ፥ ሲርቅ ወደ ቀይ እጅግ በጥቂቱ ያዘነብላል። የጋማ ሴፌይ መወዛወዝ በሰከንድ 27 ሜትር ገደማ፥ የአንድ ፈጣን መኪና ሩጫ ያህል ብቻ ነው። ይህን ለመለካት ብርሃኑን ሃይድሮጅን ፍሎራይድ በተባለ ጋዝ ውስጥ አሳልፈው፥ ጋዙ በብርሃኑ ላይ የሚያትመውን መስመር እንደ ማስመሪያ ተጠቀሙበት። ጋዙ መርዝ ነው፥ መስተዋትንም ይበላል፤ ስለዚህ ሥራው አደጋ ነበረበት።

በ1988 በኮከቡ ዙሪያ ፈለክ ያለ እንደሚመስል በጥንቃቄ ጻፉ። በ1992 ግን መወዛወዙ ከኮከቡ ከራሱ መሽከርከር የመጣ ሊሆን እንደሚችል ስላዩ፥ ቃላቸውን ራሳቸው መለሱ። ካምቤልም ቋሚ ቦታ ባለማግኘቱ የከዋክብትን ምርመራ ትቶ ወደ ሌላ ሥራ ሄደ። በ1995 ሚሼል ማዮርና ዲዲዬ ኬሎ የተባሉ የስዊስ ሊቃውንት 51 ፔጋሲ የተባለውን ኮከብ የሚዞር ፈለክ አገኙ፤ ለዚህም በ2019 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። አርቲ ሃትዝስና ዊልያም ኮክራን በአሜሪካ በቴክሳስ ያለውን ልኬት ከካናዳውያኑ አሮጌ መዝገብ ጋራ አስተባበሩት። ከ1981 እስከ 2002 ድረስ መወዛወዙ ሥርዐቱን ሳይለቅ ቈይቶ ተገኘ፤ ከኮከቡ ገጽ የመጣ ቢሆን ኖሮ በዚህ ሁሉ ዘመን ባልጸና ነበር። ስለዚህ ፈለኩ በእርግጥ መኖሩ በ2003 ታተመ፤ ከጸሐፊዎቹም ስም ጋራ የዎከር፥ የካምቤልና የያንግ ስም ዐብሮ ተጻፈ።

ፈለኩ ክብደቱ ቢያንስ የጁፒተርን አንድ እጥፍ ተኩል ያህል ነው፤ ትልቁን ኮከብ በ2 ዓመት ተኩል ገደማ ይዞራል። ከኮከቡ ያለው ርቀት ምድር ከፀሐይ ካላት ርቀት ሁለት እጥፍ ያህል ሲሆን፥ ታናሹ ኮከብ ግን በአማካይ 20 እጥፍ ያህል ይርቃል። ፈለኩ ከትልቁ ኮከብ አጠገብ ስለ ሆነ የሁለተኛው ስበት ከመንገዱ አያስወጣውም። ነገር ግን ሁለት ኮከብ እንዲህ ተቀራርበው ሳሉ ይህን የሚያህል ፈለክ እንዴት ሊሠራ እንደ ቻለ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል።

ወላጆች ሆይ፥ በኅዳር ወር ሰማዩ ሲጠራ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡና ወደ ሰሜን፥ ወደ አድማሱ ዝቅ ብሎ ያለውን ይህን ኮከብ አሳዩአቸው። ያልተረጋገጠን ነገር «ገና ነው» ማለት ዕውቀትን እንደማያሳንስ፥ በትጋት የተጻፈ መዝገብም ከጊዜ በኋላ ለባለቤቱ እንደሚመሰክር ንገሩአቸው።